በልጆች ላይ የከለከላችሁትን በእኛም ላይ ከልክሉ

ለትምህርት ቤታችን ባለቤቶችና የአስተዳደር ቦርድ አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፈረሰው የሠራተኞች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲመለስና በሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ማሸማቀቅ እንዲቆም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መሃል ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን የሚሠሩ መምህራን፣ ረዳት መምህራን፣ የጽዳት ሠራተኞችና ጥበቃዎች ወክለውኝ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የማንንም ግለሰብ ስም አላነሳም። እንጀራ የምንበላበት፣ አንዳንዶቻችንም ልጆቻችንን የምናስተምርበት ቤት ስለሆነ ስሙ እንዲጠፋ አንፈልግም። በግልጽ ለመጻፍ የተገደድነው በታሸገ ፖስታ የላክነው ቅሬታ ዞሮ ዞሮ ቅሬታ ያቀረብንባቸው ሰው ጠረጴዛ ላይ ስላረፈ ነው።

ባለፈው ክረምት ባደረጋችሁት ስብሰባ የሠራተኞች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲፈርስ ወስናችኋል። ከእንግዲህ ማንኛውም ሠራተኛ ቅሬታውን ለቅርብ አለቃው ብቻ እንዲያቀርብ ታዟል። የአማካሪዋ የሥራ መደብም ታጥፏል። ቢሮዋ ዛሬ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ማስቀመጫ ነው። በዚያው ስብሰባ ደግሞ ተማሪ ተማሪን እንዳያሸማቅቅ የሚከለክለውን መመሪያ አጽድቃችኋል። መመሪያውን እንደግፋለን፤ ስንሠራበት ስለቆየን እንደሚጠቅም እናውቃለን። የምናቀርበው አቤቱታ መመሪያው ልጆቹ ጋ ደርሶ እኛ ጋ ስለቆመበት ምክንያት ነው።

መመሪያው በሙከራ ላይ በነበረበት ባለፈው ዓመት አምስተኛ ክፍል ውስጥ የሚንተባተብ ልጅ ነበረን። ጎበዝ ተማሪ ነው። እጁን አውጥቶ «መ... መ... መልሱ» ሲል ከኋላ ወንበር ሦስት ልጆች እኩል «መ መ መ» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል። በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ሲሰለፍም በዚሁ ይጠሩታል። ቀስ በቀስ እጁን ማውጣት ተወ። ምሳውን ክፍል ውስጥ ብቻውን መብላት ጀመረ። በኋላ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት አመጣ። የክፍል ኃላፊዋ ይህን አይታ ቅጹን ሞላች። በመመሪያው መሠረት በሦስት ቀን ውስጥ ወላጆች ተጠሩ፤ ሦስቱ ልጆች ለየብቻ ተጠየቁ። አማካሪዋ ልጁን ሳታስቸኩል አነጋገረችው። ሰኔ ላይ በዓመት መዝጊያው በዓል ይኸው ልጅ መድረክ ላይ ቆሞ ግጥም አነበበ። እየተንተባተበ አነበበ፤ የሳቀበት ግን አልነበረም።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ግቢ፣ አንዲት ወጣት መምህርት ተቀጥራ መጣች። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቷ ነው። እንግሊዝኛ ስትናገር አንዳንድ ቃል ላይ ትያዛለች። ኃላፊዋ ትምህርቷን ለመከታተል ክፍል ገብተው ከኋላ ተቀምጠዋል። አንድ ቃል አበላሽታ ስትጠራ እሳቸው ከኋላ ሆነው ደገሙት፤ በእሷው ድምፅ፣ በእሷው አነጋገር። ተማሪዎቹ ሳቁ። ሰኞ ጠዋት በመምህራን ስብሰባ ላይ ያንኑ እንደገና አሰሙ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሻዩ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀረ። የሰርቪስ ተረኝነት ሳምንቱን ሙሉ በእሷ ስም ተጻፈ። የፈተና መርሐ ግብር የሚለጠፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳትገባ ቆይታ «ለምን ዘገየሽ» ተባለች። የሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «የመግባባት ችግር አለባት» የሚል ሰፈረ። ቅሬታዋን ስታቀርብ የተሰጣት መልስ «አዋቂዎች አይደላችሁም እንዴ? ተነጋገሩና ጨርሱ» የሚል ነበር። ሚያዝያ ላይ ለቀቀች። የሥራ ልምድ ማስረጃዋ የተሰጣት ግን ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ሁለቱም ላይ የተፈጸመው ድርጊት አንድ ነው። ሰው በሚናገርበት አንደበት ሙድ ተያዘበት። ለአሥር ዓመቱ ልጅ በሦስት ቀን ደረሳችሁለት። ለመምህርቷ የደረሰላት የለም።

«በልጆች መካከል ያለው ሌላ፣ በአዋቂ መካከል ያለው ሌላ» የሚል ክርክር ከጽሕፈት ቤቱ ሰምተናል። ስለዚህ የጉዳዩ ባለሙያዎች ማሸማቀቅን በምን እንደሚለዩት እናንሳ። በዚህ ጥናት ቀዳሚ የሚባለው ዳን ኦልቬዩስ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን ትምህርት ቤቶች ነው። በ1982 መጨረሻ ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ሦስት ልጆች ራሳቸውን አጠፉ፤ ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ጥቃት ሳይሆን እንደማይቀር ተነገረ። በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ መንግሥት በትምህርት ቤቶች ዘመቻ ሲጀምር ኦልቬዩስ የመከላከያ ፕሮግራሙን ያኔ ዘረጋ። የእሱ መለኪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ድርጊቱ ሆን ተብሎ የተደረገ እንደሆነ፣ የሚደጋገም እንደሆነ፣ በሁለቱ መካከል የአቅም አለመመጣጠን ያለ እንደሆነ። የእኛ የተማሪዎች መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ይኸው ተጽፏል። በመምህርቷ ላይ የደረሰውን በእነዚህ ሦስቱ መዝኑት። ሦስቱንም ያሟላል።

እንዲያውም ነገሩ ከልጆች ወደ አዋቂዎች የተሸጋገረው እዚያው ስዊድን ውስጥ ነው። ሃይንዝ ላይማን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1980ዎቹ በሥራ ቦታ የሚደርሰውን ሲያጠና በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ከተሠራው ተነስቶ ነበር። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር የቆየ እንግልት እንደሆነ መለኪያ አወጣ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን በሥራ ቦታ የሚመለከት ደንብ አወጣች። የዓለም የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2011 ዓ.ም. በሥራ ዓለም የሚደርስ ጥቃትንና ትንኮሳን የሚመለከተውን 190ኛውን ስምምነት አጽድቋል። ያ ስምምነት ተለማማጅንና ሥራ ፈላጊን ሳይቀር ይሸፍናል፤ በስልክና በኢንተርኔት የሚደርሰውንም ጭምር። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም።

ልዩነት የለም አንልም። ልዩነቱ ግን ጽሕፈት ቤቱ የሚለው ዓይነት አይደለም። የሜዳው ጉልቤ ጉልበቱ በቁመቱና በጓደኞቹ ብዛት ነው። የቢሮው ጉልቤ ጉልበቱ በፊርማው ነው። የሰዓት መግቢያ አሻራ ይቆጣጠራል፣ ምዘና ይሞላል፣ ዕድገት ያግዳል፣ የሥራ ልምድ ያዘገያል። ልጅ ሲበደል ክፍል ይቀየርለታል፣ እናቱ መጥታ ትጮህለታለች። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ልጆቹ እዚሁ በቅናሽ የሚማሩለት መምህር የት ይቀየራል? ማንስ መጥቶ ይጮህለታል? አብዛኛው ሰው ቤቱ ገብቶ ለትዳር አጋሩ እንኳ አይናገርም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተኛል። ትልቅ ሰው ሆኖ «አሸማቀቁኝ» ማለት ያሳፍረዋል።

የትኛው ይከብዳል ብንባል የልጁ ይከብዳል እንላለን። ገና እየተሠራ ያለ ሰው ላይ ስለሚያርፍ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 የተወለዱ 7,771 ልጆችን የተከታተለ ጥናት አለ። ወላጆቻቸው ልጆቹ 7 እና 11 ዓመት ሲሆናቸው ጥቃት ይደርስባቸው እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። በተደጋጋሚ የተጠቁት ልጆች 45 ዓመት ሲሞላቸውም ድብርትና ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ ይበዛባቸው ነበር። ይህን ያህል ዘመን የሚከተል ነገር ነው። የአዋቂውን የሚያከፋው ደግሞ ማቆሚያ ማጣቱ ነው። ልጁን የመጠበቅ ግዴታ የተሰጠው ሰው በየክፍሉ አለ። እኛን የመጠበቅ ግዴታ የተሰጠው አካል አንድ ኮሚቴ ነበር፤ እሱም ፈረሰ።

ከመምህርቷ ሌላ ያሉትን እናንሳ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ሲነሱ ብዙ ባልደረቦቻችን ርቀው ሄደዋል። ከትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ከገላን ጉራ ተነስተው ነው የሚመጡት። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ታክሲ ተራ ላይ የሚሰለፍ ሰው አለ። ሲዘገዩ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ደንብ ስለሆነ በዚህ አልተከራከርንም። በዚህ ዓመት የተጀመረው ግን ያረፈደ መምህር ካረፈዱ ተማሪዎች ጋር በር ላይ እንዲቆም ማድረግ ነው። አንድ የፊዚክስ መምህር ከሚያስተምራቸው የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጎን፣ ቦርሳውን በእጁ ይዞ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ቆሟል። ከዚያ ወደ ክፍል ገብቶ እነዚያኑ ልጆች «ጸጥ በሉ» ማለት አለበት። ይህ መምህር ባለቤቱ ይህን እንዳትሰማ ለምኖናል፤ በእሱ ፈቃድ ነው የጻፍነው።

ከመምህራን አንዱ የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ ለምን እንደማይከፈል በስብሰባ ላይ ጠየቀ። የጠየቀው በትሕትና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮት ሻይ የሚጠጣ ሰው ቢሮ እየተጠራ «ምን አወራችሁ?» ይባላል። አሁን ሻዩን ብቻውን ይጠጣል። በልጆቹ መመሪያ ውስጥ «ሆን ብሎ ከጨዋታ ማግለል» የሚል መስመር አለ፤ ያስቀጣል።

ማታ አምስት ሰዓት ላይ የአንድ መምህርን የሌሰን ፕላን ስህተት ፎቶ አንስቶ የሁሉም መምህራን ግሩፕ ላይ መለጠፍም ተለምዷል። ከሥሩ የሳቅ ምልክቶች ይደረደራሉ። ሰውየው ስልኩን ከፍቶ ሲያይ ልጆቹ አጠገቡ ናቸው። ተማሪ ይህን በተማሪ ላይ ቢያደርግ በመመሪያው አንቀጽ ወላጅ ይጠራል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳዘነንን እንጽፋለን። በዋናው በር ያሉት ጥበቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል። በክረምቱ ማብቂያ አንድ ቀን በሩን ቶሎ አልከፈቱም ተብለው ከምክትል ኃላፊዎች በአንዱ ተሰድበዋል። በዝናብ ነው። ወላጆችና ተማሪዎች በሚያልፉበት ነው። ኃላፊው ፊታቸው ላይ ጣታቸውን እያጮሁ «ስነግርህ ስማ! ስማ!» ብለዋቸዋል። አንተ እያሉ ነው፤ በአባታቸው ዕድሜ ያሉትን ሰው። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው ዝም ብለው ቆሙ። ከሳምንት በኋላ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በሩ ጋ ሲያልፉ ጣታቸውን እያጮሁ «ስማ! ስማ!» ማለት ጀመሩ። እንግዲህ እነዚህን ልጆች በመመሪያው መሠረት ቅጣት ብንል ምን ብለን እንቀጣቸው? የት እንዳዩት እኛም፣ እነሱም እናውቃለን።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኖቬምበር የመጀመሪያ ሐሙስ በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጥቃትና ማሸማቀቅ የሚወገዝበትን ቀን ያስከብራል። ዘንድሮ ጥቅምት ማብቂያ ላይ እኛም ጨርቅ ወጥረን፣ ልጆቹን አሰልፈን አክብረናል። ጨርቁን በሩ ላይ የሰቀሉት አባባ ናቸው። ያንን ቀን እሳቸው ፊት ቆመን ስለ ክብር መናገር ከብዶናል።

ስለ ሕጉም እንናገር፤ «ሕግ አለ፣ ወደዚያ ሂዱ» ተብለናልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 32 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። በአንቀጽ 33 ደግሞ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቀረ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ይህን መብት የተጠቀመ ሰው ሥራውን ለቅቆ ይወጣል ማለት ነው። እኛ መውጣት አይደለም የምንፈልገው፤ ሠርተን፣ ተከብረን መኖር ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃን በተመለከተ ግን አዋጁ ጥርጥር የለውም። ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ሲለቅ አሠሪው ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የወጣቷ መምህርት ማስረጃ የዘገየው ከሕግ ውጭ ነው።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ጠንካራ አለቃ ጉልቤ ነው አላልንም። ሌሰን ፕላን ያላዘጋጀ መምህር ቢሮ ተጠርቶ ቢወቀስ፣ ማስጠንቀቂያ ቢሰጠው፣ ደመወዙ ቢቆረጥ ቅር አይለንም። እንዲያውም አንዳንድ ኃላፊዎቻችን ጠበቅ ያሉ ናቸው፤ እንወዳቸዋለን። ስህተታችንን በር ዘግተው ይነግሩናል፣ ስንወጣ ትከሻችንን መታ ያደርጋሉ፣ ነገ ጠዋት ነገሩን አያነሱትም። የእነሱ ተግሣጽ ሥራው ላይ ያርፋል። የሌሎቹ ሰውየው ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሰው ፊት መሆን አለበት፤ ሥራው ከተስተካከለ በኋላም አይቆምም። ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ ነው የሚለን ሰው ካለ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆች እንዲለዩ እያስተማርን መሆኑን እናስታውሰዋለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

1. የሠራተኞች ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይመለስ። አባላቱ በሠራተኛው ይመረጡ፤ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችም ወንበር ይኑራቸው። በአንድ ኃላፊ ላይ የቀረበ ቅሬታ በዚያ ኃላፊ እጅ እንዳያልፍ በጽሑፍ ይደንገግ።

2. ለተማሪዎች የተቀመጠው የሦስት ቀን ገደብ ለእኛም ይሥራ። በሦስት ቀን ውስጥ ቅሬታው መድረሱና ማን እንደያዘው ይነገረን። ቅሬታ ያቀረበ ሰው በዚያ ዓመት ምዘናው ላይ ከአንድ በላይ ሰው ይፈርም።

3. አማካሪዋ ትመለስ፤ ቢሮዋም ይለቀቅ። በሳምንት ግማሽ ቀን ለሠራተኞች ይመደብ። ይህ ለልጆቹም ነው፤ የሚንተባተበው ልጅ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ የሚያነጋግረው ሰው ግን የለም።

4. ያረፈደ መምህርን ከተማሪ ጋር በር ላይ ማቆም ከነገ ጀምሮ ይቅር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የግለሰብ ስህተት በጋራ ግሩፕ ላይ አይለጠፍ፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ለባለቤቱ ብቻ ይላክ።

5. ለቅቀው ለሄዱ ሠራተኞች እስካሁን ያልተሰጠ የሥራ ልምድ ማስረጃ ካለ ይሰጥ።

6. አባባ ይቅርታ ይጠየቁ። የተሰደቡት በሩ ላይ፣ ልጆቹ ሲያዩ ነውና ይቅርታውም እዚያው በሩ ላይ፣ ልጆቹ ሲያዩ ይሁን። ይህን ኮሚቴው እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንጠብቃለን። ቦርዱ ሊያነጋግረን ከፈለገ ከትምህርት ሰዓት ውጭ በማንኛውም ቀን እንመጣለን። ስማቸው በዚህ ደብዳቤ ያልተጠቀሰ ባልደረቦቻችን የደረሰባቸውን በአካል ቀርበው ለመናገር ተስማምተዋል፤ ከዚህ የተነሳ ማንም እንደማይነካቸው አስቀድማችሁ በጽሑፍ እንድታረጋግጡልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የመምህራንና የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ተወካይ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት
ለርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት
ለሠራተኞች የማስታወቂያ ሰሌዳ